የስቴሪዮ ደመኛ

በየከተማው፣ ከእግዜር ቀጥሎ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ከተማ ሕግ አዋቂ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ መድኃኒት አዋቂ። ናዝሬት የደረሳት ድምፅ አዋቂ ነበር። ጋሽ አብተው ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ያለው ዱቄት ግን ጡረታ አልወጣም። እሳቸው ፊት ቴፑን የከፈተ ሰው ቴፑን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆናል እንጂ ሞራሉን ይዞ አይመለስም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ደገፋ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲበግን ኖሯል።

ነገሩ ሁሉ የሚካሄደው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ባለችው የራህመቶ ሬዲዮ ጥገና ቤት ነው። ራህመቶ ጠያቂ በዝቶ ሥራ ቢያስፈታው ጊዜ አንድ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛና በሲባጎ ከበሩ መቃን ላይ አሰረው። «ጥያቄ ያለው ይጻፍ፤ መልስ ያለው ከሥሩ ይጻፍ፤ እኔን ተዉኝ ልሥራበት!» አለ። ምስኪን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ አልሠራም። ስድብ በቀይ እስክርቢቶ ሲሰርዝ ይውላል። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሲጯጯሁ ደግሞ የብየዳ ብረቱን ይዞ ብቅ ይልና «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት ጓዶች!» ይላል።

ዘመኑ መቼም የስብሰባ ዘመን ነው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጅ የሚወጣው ለማጽደቅ እንጂ ለመቃወም አልነበረም። ታዲያ በየሰው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ተቃውሞ ሁሉ ሄዶ ሄዶ የራህመቶ ደብተር ላይ ተዘረገፈ። ስለ ካሴት፣ ስለ ባትሪ ድንጋይ፣ ስለ አንቴና ያልተባለ ነገር የለም። ከዱከም፣ ከሁሩታ፣ ከአቦምሳ ሳይቀር ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት በሹፌር እጅ ይመጣል፤ ራህመቶ ይገለብጠዋል፤ መልሱ በሳምንቱ በዚያው ሹፌር ይሄዳል።

ችግሩ ማንም የተጠየቀውን አለመመለሱ ነው። ገርባ የሚባል የአቦምሳ ገበሬ «ቴፔ ካሴት ይበላል፤ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ድሮውንስ ማን ግዛ አለህ?» አለው። ሌላው «የኔም ይበላል» ብሎ ጽፎ እስከ ዛሬ ጠፋ። ሦስተኛው ስለ ራሱ ቴፕ፣ ምንም ስለማይበላው ቴፕ፣ ሁለት ገጽ ሞላ። ጋሽ አብተው «ርካሽ ካሴት ከሆነ መብላቱ ውለታ ነው» ብለው ደመደሙ። በወሩ ገርባ ጻፈ፦ «ቴፑን በበሬ ለውጬዋለሁ። ሣር ብቻ ነው የሚበላው። እግዜር ይስጥልኝ።» ይህም ዝም ተብሎ አልታለፈም። አራት ሰው የበሬው ምርጫ ስህተት መሆኑን በዝርዝር አስረዳው።

የሁሩታውን ጉተማን ደግሞ ጉድ የሠሩት ራሳቸው ጋሽ አብተው ናቸው። «ድምፁን ለማወፈር ስፒከሩን አውጥተህ ጋን አፍ ላይ ግጠመው» ብለው ጻፉለት። «ጋኑ አዲስ እንዳይሆን! ቢያንስ ሰባት ዓመት ጠላ የተጠመቀበት ይሁን። አዲስ ጋን ድምፁ ጥሬ ነው።» ጉተማ የተባለውን አደረገ። ድምፁስ ወፈረ፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ አንወጣም አሉ፤ ሚስቱም ጋኗን አሸክማ እናቷ ቤት ገባች። ጉተማ ቢያለቅስ ጋሽ አብተው ምን ብለው ቢመልሱለት ጥሩ ነው? «ሚስትህ ትመለሳለች፤ ጋኑን ግን ቶሎ አስመልስ።»

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የስቴሪዮ ደመኛ። ባለ ሁለት ስፒከር ቴፕ ናዝሬት መግባት ሲጀምር ሰው ሁሉ አበደ፤ እሳቸው ብቻ አኮረፉ። «አዝማሪ ለሁለት ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲዘፍን ያየ ካለ ይንገረኝ!» ይላሉ። «ስቴሪዮ ማለት አንድ ዳቦ ቆርሶ ሁለት ዳቦ ነው ብሎ መሸጥ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እግዜር ለምን ሁለት ጆሮ ሰጠን?» አላቸው ደገፋ አንድ ቀን።

«አንዱ መጠባበቂያ ነው» አሉ፣ ሳያቅማሙ።

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ደገፋ ጥርሱን ነከሰ። ደግሞ ቂሙ የስቴሪዮ ብቻ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ መጀመሪያ እዚያ ቤት በሄደ ቀን፣ ጋሽ አብተው ከማይለቋት የአግዳሚው የግራ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደገፋ በጫፉ በኩል ጠጋ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አከም ቡልተን ጋሼ?» አላቸው። ዝም። «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለ በአማርኛ። እሳቸው የጋሪ ፈረስ ያያሉ። ሰው ሁሉ እያየ ሰላምታ ነሱት! ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለቡዜ «እኔ እኮ ሰው አልመሰልኳቸውም» ሲላት እንባ ሊቀድመው ምንም አልቀረውም።

በስድስተኛው ዓመት የደገፋ ቀን ወጣ። የአሰብ መኪና የሚነዳው ወንድሙ ሆራ የጃፓን ቴፕ አመጣለት። ሁለት ስፒከር፣ ግራና ቀኙን የሚያመዛዝን ቁልፍ፣ ሲከፈት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። ደገፋ ለሳምንት ልብስ አልሰፋም፤ አቧራ እንዳይነካው ለቴፑ ልብስ ሰፋለት እንጂ። ቀጥሎ ወደ ደብተሩ ሄደና እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ለጋሽ አብተው። ዓይኔን ጨፍኜ የወደቀች ቁልፍ የት እንዳረፈች አውቃለሁ ይላሉ። እንግዲያው እሑድ ዓይንዎ ይታሰር። ድምፁ ከየት ወገን እንደመጣ በዚያው ወገን ያለ እጅዎን ያውጡ። አምስት ጊዜ ይሆናል፤ ሦስቱን ካወቁ እኔ ከዚህ ደብተር ላይ እጄን አነሳለሁ። ካላወቁ እርስዎ ያነሳሉ፤ ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አይጽፉም።»

ጋሽ አብተው ሦስት ቀን እየመጡ አንብበው ብቻ ተመለሱ። በአራተኛው ቀን «እሺ» ብለው ጻፉ። ከእሳቸው እጅ ከወጣው መልስ ሁሉ አጭሩ ይኸ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ይኸው ደብተር እንደነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደገፋም ያውቃል። ያን ሰሞን ግን ሊያስበው አልፈለገም።

እሑድ የራህመቶ ቤት ጢም አለ። የቆርቆሮ ጣራው ይፋጃል። ጋሽ አብተው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ራህመቶ ዓይናቸውን በፎጣ አሰረ። ስፒከሮቹ አንዱ በግራቸው፣ አንዱ በቀኛቸው ተቀመጡ። «ሥነ ሥርዓት! እስኪያልቅ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ!» አለ ራህመቶ። ደገፋ ቁልፉን በሰውነቱ ጋርዶ ያዘ።

መጀመሪያ የክራር ካሴት ከፍቶ በቀኝ ለቀቀው። ጋሽ አብተው ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ልክ ናቸው። ደገፋ ደነገጠ። ሁለተኛውን በግራ አደረገው። ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ሦስተኛውንም በግራ። ቀኝ እጃቸውን። አራተኛውንም በግራ አደረገው፤ እሳቸው አሁንም ቀኛቸውን አወጡ። ሦስት ስህተት! አበቃ! ደገፋ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ስድስት ዓመት ያዘጋጃትን ቃል ከሁሉ በፊት ለብቻቸው ሊያቀምሳቸው ፈለገና በስተግራ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ሥር «ጋሼ፣ እስክርቢቶዎን ያስረክቡ» አለ።

ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

«ጋሼ!» አለ ጠንከር አድርጎ፣ ከንፈሩ ጆሯቸውን ሊነካ እስኪደርስ። ምንም የለም። ጋሽ አብተው ላብ በፎጣው ሥር እየወረደባቸው፣ የሚቀጥለውን እየጠበቁ፣ ቀኝ እጃቸውን በግማሽ አንስተዋል።

ያ ረቢ! ደገፋ ያን ጊዜ ነው የገባው። ያ የወፍጮ ሞተር ሃያ ሁለት ዓመት የጮኸው በዚህ ጆሮ ላይ ነው። የአግዳሚውን የግራ ጫፍ የማይለቁት ሰው ሁሉ በቀኛቸው እንዲሆን ነው። ያ ሰላምታም በዚህ በኩል ነበር። ሰውየው አልናቁትም፤ አልሰሙትም። ስድስት ዓመት የተሸከመው ቂም ድንገት ባዶ ሆነበት። ዘንድሮ ቀርቶ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ደገፋ ቀና አለ።

«ጓዶች፣ ፈተናው አይቆጠርም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የግራው ስፒከር አይሠራም። ከመጀመሪያውም ድምፁ የሚመጣው ከቀኝ ብቻ ነው። ጋሼ አንዱንም አልሳቱም።»

የግራው ስፒከር ይኸን ጊዜ ክራሩን እያንቧረቀው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «ኧረ ይሠራል!» ቢል ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ግን እነዚህ ድምፅ አዋቂዎች ናቸው። ስፒከር መሞቱን ሳልለይ ቀረሁ ብሎ የሚያምን ሰው ከየት ይምጣ?

«እኔማ ገና ሲከፈት ነው የነቃሁት!» አለ አንዱ።

«ዝም ብዬ እንጂ፣ ግራው ጭር ብሎ የለም እንዴ!» አለ ሌላው፣ ጆሮውን ወደሚያንቧርቀው ስፒከር አስግጎ።

ከስፒከሩ አጠገብ የቆመ ፈዬራ የሚባል ሰው «መብራቱ ሲበዛ ጉልበቱን ይበላበታል» ብሎ ምክንያቱን ሳይቀር ተነተነ። ራህመቶ ብቻ ስፒከሩን አየ፣ ደገፋን አየ፣ ጋሽ አብተውን አየ፤ ሄዶ ቴፑን አጠፋው።

በማግስቱ ደገፋ ደብተሩ ላይ አሥራ አራት ምክር ተጽፎ አገኘ። ስድስቱ «ድሮውንስ ማን ግዛ አለህ?» የሚሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ፈረመ፤ እንደ ግለ ሂስ ቆጠረው። የመጨረሻው የጋሽ አብተው ነበር፦ «አታልቅስ። ነገ ጠዋት ቤትህ መጥቼ እጠግንልሃለሁ።»

ጋሽ አብተው ቀጠሮ ያከብራሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ደገፋ ዘሎ ተነሳና ጤነኛውን፣ የሚሳሳለትን፣ ልብስ የሰፋለትን የጃፓን የግራ ስፒከር ገልብጦ የጀርባውን ሽቦ በመቀሱ ቆረጥ አደረገው።

«አብደሃል እንዴ ሰውዬ!» አለች ቡዜ።

«ዝም በይ!... ይግቡ ጋሼ! ኖር!»

ጋሽ አብተው ገብተው መነጽራቸውን ሰኩ። ስፒከሩን አገላበጡት። የተቆረጠውን ሽቦ ያዙና ቀና አድርገው ወደ መስኮቱ አዩት፤ ጫፉ ያብረቀርቃል፣ ገና ትኩስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አዩ። ደገፋን አዩት። ደገፋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ያነባል።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው ሰኩ።

«አይጥ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እኛ ቤት አይጥ የለም!» አለች ቡዜ ተቆጥታ።

«አለ፣ አለ» አለ ደገፋ ፈጠን ብሎ። «ትልልቅ አይጥ ነው ያለው።»

ጋሽ አብተው ሽቦውን በጥርሳቸው ልጠው አጣመሩት፤ በፕላስተር አሰሩትና ቴፑን ከፈቱ። ክራሩ ቤቱን ሞላው። ትንሽ አዳመጡ። ቀጥሎ፣ ያ ሁሉ ደብተር ሲጻፍ አንዲት ጥያቄ ጠይቀው የማያውቁት ሰው፣ ወንበራቸውን ስበው ቀኝ ጎናቸውን ወደ ደገፋ አዞሩ።

«እስቲ ስማልኝ» አሉት ቀስ ብለው። «በግራ በኩል ይመጣል?»

«ይመጣል ጋሼ» አለ ደገፋ። «ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው።»