የቮልሷና የውይይቷ ክርክር

መርዶ ነጋሪ አፉን ሳይከፍት ፊቱ ያወራል። ለእኔ ግን መርዶውን የነገረችኝ መኪና ናት። ባለቤቴ ታደሰ ሳንሱሲ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው አድሮ ነበር። ማለዳ በሬን ስከፍት የጎረቤታችን የጋሽ መኩሪያ ውይይት ደጃፌ ቆማለች። ውይይትን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ፦ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ የሚሄድባት የድሮ ሰማያዊ ታክሲ ናት። ታደሰ በሕይወት ቢኖር ያቺ መኪና ደጃችን አትቆምም። የዕድሩ ሰዎች ከውስጧ ሳይወርዱ እኔ ጩኸቴን ለቀቅሁት።

ታደሰ የቮልስ ሰው ነበር። ያቺን እንደ ኤሊ የጎበጠች የንጉሡ ዘመን መኪና ልጆቻችንን ካጠበው ይልቅ አጥቧታል። ከጋሽ መኩሪያ ጋር ሠፈሩን ያደነቆረ ክርክር ነበራቸው።

«ያንተዋ የበግ መጫኛ ናት!» ይላል የእኔው።

«ያንተዋስ? ሁለት ወፍራም ከገባባት ሦስተኛው ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚሳፈረው!» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ።

እኔ ግን ምስጢር አለብኝ። ከታደሰ ጋር የተዋወቅነው ቤንዚን ጠፍቶ ቮልሷ ቤት በዋለችበት ቀን፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ስንሄድ፣ በአንዲት ውይይት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው። ቮልሷን ይዞ ቢሆን ኖሮ ፌርማታ ላይ አቧራ አልብሶኝ ያልፍ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲበላ ጋሽ መኩሪያ ብቻ እህል አልቀምስ አሉ። ሦስት ቀን! ሁለተኛ ሰው ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ። መሐላዬን አፍርሼ ነገርኳቸው፤ በቃ፣ አሸንፈዋል እንደማለት።

ቀና ብለው አዩኝ። «አስቱ፣ እኔ'ኮ ነበርኩ የምነዳው። በመስታወት አይቻችሁ፣ ወሬ እስኪጀምርሽ ብዬ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የነዳሁት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አላሉትም?»

«ካልኩትማ ይሸነፋል። ከተሸነፈ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?»

ይህን ብለው እንጀራውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ዕንባዬን ጠረግሁና «ቢሆንም ቮልስ ትበልጣለች» አልኳቸው።

ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ፣ «ምን አልሽ?!»

ከዚያ ወዲህ በታደሰ ቦታ የምከራከረው እኔ ነኝ፤ ባላምንበትም።

እናንተ ግን አደራ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ነፍሱን ይማርልኝ በሉልኝ። የተዋወቅንባትን መኪና ነገር ብቻ በጸሎታችሁ እንዳታነሱ፤ እዚያ ሆኖ መናገሬን ይሰማል።