ክቡር ሁለት ፊደል

አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ አሳዩኝና ዛሬውኑ ዝውውር ልጠይቅ። የኛው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው። ሙጭጭ ያሉትም ሁለት ፊደል ላይ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ፣ ከነጥቧ ቀጥሎ፣ ለየአገሩ የተሰጠ ሁለት ፊደል አለ አይደል? እሱ ላይ። ስማቸውን ከረሳነው ቆየን፤ «ክቡር ሁለት ፊደል» ነው የምንላቸው።

ክቡርነታቸው የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው የሙሽሮቹን ስም አያነቡም፤ ግርጌው ላይ ያለውን አድራሻ ነው የሚያዩት። «መጨረሻውን አየኸው? የሰው አገር!» ይላሉ ካርዱን እያርገበገቡ። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደውም፣ አፋቸው ጥጥ እንደተሞላ፣ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈው የክሊኒኩ አድራሻ ሐኪሟን ሲሟገቱ ጤነኛው ጥርስ ተነቀለ አሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ «ነፍስ ይማር» ብለው ሳይጨርሱ «ለመሆኑ የሟች ኢሜይል መጨረሻው ምን ነበር?» ብለዋል። ይሄን እንኳ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይማ ማምለጫ የለም። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዋ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ማን ልብ ይለዋል? ሰው ስሙን ፈልጎ ይገባል፣ በቃ» ብትላቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ወለወሉ። «የቤትሽን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥተሽ፣ የገዛ ቤትሽን አንኳኩተሽ ልትገቢ ነው?» ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ምሳዋን የምትበላው ደረጃ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ የምር ሆነ። አንድ የውጭ ኩባንያ «ሁለቱ ፊደሎቻችሁ ያምራሉ፤ አስተዳደሩን ለኛ ስጡንና ለዓለም እንቸርችረው» ብሎ ጠየቀ። ከተሰጠው የትምህርት ቤቱም የሱቁም አድራሻ የሚኖረው እሱ ሲፈቅድ ነው። የሚመለከተው ቢሮ ሕዝቡን ለውይይት ጠራ። ክቡርነታቸው ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ለአሮጌ ወንበሮች ሲደሰኩሩ ሰነበቱ።

እኔ አብሬያቸው የሄድኩት ልስቅ ነው፤ ምን እዋሻለሁ። የኩባንያው ጠበቃ ማር የመሰለ ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት። የሳቸው ተራ ደረሰ። ተነሡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ትንፋሽ ብቻ! ድምፃቸው መጋዘን ቀርቷል። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየችና «አስተያየት ከሌለዎት ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለች። ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አንጀቴን በሉት። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ከ«የአገር ድንበር መሬት ላይ ብቻ መሰላችሁ?» ጀምሬ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ድረስ አንበለበልኩት። ስንት ዓመት ከምሳዬ ጋር የዋጥኩት ነው! መነጽር እንኳ የለኝም፤ እጄ ግን ሊያወልቅ ወደ ፊቴ ሄዷል። ሰብሳቢዋ «የቁልፉ ነገር እንኳ እውነት ነው» አለች። የኩባንያው ጥያቄ በዚያው ውድቅ ሆነ።

ስንወጣ ኮቴን ጎተቱኝ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋቸው።

«ሦስተኛውን ነጥብ ዘለልከው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ይኸው ሐኪም ወር ሙሉ እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል። የምሳ ክፍላችን ጭር ብሏል፤ የጥገና ባለሙያዋም ከደረጃው ተመልሳ ትክዝ ብላ ትበላለች። እኔም ምግቡ አልወርድ ቢለኝ ትናንት ወንበሬን ወደሳቸው አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እዚህ የለም» አልኳቸው። «እስቲ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»