መኪናዬ ደረቴን ከፍታ ያየችበት ቀን

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ባቆምኳት መኪናዬ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደና ዓለምን ተገልብጣ አገኘኋት።

ሕልሙን ከማውራቴ በፊት እዚያ ዛፍ ሥር ምን እንዳደረሰኝ ልናገር። የሺመቤት እባላለሁ፤ ሐረማያ አስተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ይርዳው ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ እኔ ቤት ነው ያለው። ለኩላሊት እጥበት እየደጋገምኩ ድሬዳዋ አወርደዋለሁ። ስንነሳ ብርድ ነው፤ ደንገጎ ተራራ ላይ ጉም ይቀበለናል፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ስንወርድ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይገርፋል። ጤነኛ ሰው ሲሞቀው ውኃ ይጠጣል። ይርዳው ግን የጠጣው ውኃ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው የተፈቀደለት ጥቂት ነው። በላስቲክ ጠርሙስ ክዳን እየቀዳ ከንፈሩን ያርሳል እንጂ ጠጣ አይባልም። ስለዚህ የትንሿ መኪናዬ ማሞቂያና ኤሲ ለእኛ የቅንጦት ነገር አይደሉም።

ይርዳው ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነው። አሁን ተሳፋሪ ሆኖ አጠገቤ ሲቀመጥ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

"የሺ፣ መስታወቱን ላብ ያዘው። ኤሲውን ክፈቺ።"

"በዚህ ብርድ ኤሲ?"

"ኤሲ እኮ አየሩን ያደርቀዋል። ከማሞቂያው ጋር አብረሽ ክፈቺው። የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ደግሞ አጥፊው፤ የራሳችንን ትንፋሽ ነው እንዴ ስንጠጣ የምንውለው?"

ያለውን ሳደርግ እውነትም መስታወቱ ይጠራል። ይርዳው ያኔ ጎኔን በክርኑ ነካ ያደርገኛል፤ ሌላ ምስጋና አያስፈልገውም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሁለቱም ለገሙብኝ። ማሞቂያው ብርድ፣ ኤሲው ሙቀት መንፋት ጀመሩ። ይርዳው ደንገጎ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ፣ ታች ስንደርስ ጋቢውን ጥሎ እያለከለከ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ወደ ቤት። መካኒኩ ነስሩ የራዲያተሩ ውኃ ጎድሎ አገኘው፤ ማሞቂያው የራሱ እሳት ስለሌለው፣ የሞተሩን ሙቀት የሚያመጣለት ውኃ ሲጎድል ባዶውን ይነፋል። ለኤሲው ደግሞ የላላ ማሰሪያ ቀየረ፣ ጋዝ ሞላ። ትናንት ጠዋት መኪናዋ ተስተካክላ ወረድን። ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲነካው ይርዳው ዐይኖቹን ጨፈነ።

"እንደ ሰው ሆንኩ" አለ።

ሕክምና ቤቱ በር ላይ አወረድኩትና እሱ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆምኩ። ሞተር አጠፋሁ፤ መስኮት ከፈትኩ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅኩት። የተማሪዎቼን ፈተና ላርም አስቤ ነበር። እስክሪብቶውን እንኳን አልከፈትኩትም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መኪናዬ ውስጥ አለመኖሬን ነው። መኪናዬ ጀርባዬ ላይ ነበረች። አዝያታለሁ። ጎማዎቿን በትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች። በአስፋልቱ የሚሄደው ሰው ሁሉ መኪና አዝሏል። አንድ ቀጭን ሰውዬ አውቶቡስ አዝሎ አቀበት ይወጣል፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ እሱ ግን በየፌርማታው እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስባል። የትራፊክ ፖሊሶቹ አህዮች ነበሩ። ነጭ ጓንት አድርገዋል። አንዷ ፊሽካዋን ነፍታ አስቆመችኝና አፍንጫዋን ወደ አፌ አስጠጋች።

"ትንፋሽሽ ይሞቃል" አለችኝ።

"ደክሞኝ ነው።"

"ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ጋራዥ ግቢ።"

መኪናዬ ይህን ስትሰማ ከጀርባዬ ወረደችና በፊት ጎማዋ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጋራዡ ውስጥ ሰዎች በተርታ ተንጋለዋል። መኪኖች ጎንበስ ብለው ደረታቸውን ይበረብራሉ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባቱን ያላላ ትልቅ ሰው ጥግ ላይ ተጋድሟል። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ጆሮውን የሰውዬው ሆድ ላይ ለጥፎ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ድምፁ ለጉድ ነው፤ አየር ግን አይሰጥም" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

መኪናዬ አጋደመችኝ። ደረቴን እንደ ኮፈን ብድግ አድርጋ ከፈተችው። አላመመኝም፤ እንዲያውም ነፋስ ወደ ውስጤ ሲገባ ደስ አለኝ። ከጎድኔ ሥር እጇን ሰደደችና ፊልትሮዬን ጎትታ አወጣችው። ጥቁር ነው። መሬት ላይ መታ መታ ስታደርገው የጠመኔ ዱቄት ረገፈ፤ የመንገድ አቧራ ረገፈ፤ የደረቀ የኒም ቅጠል ረገፈ፤ ከዚያ በኋላ "ደህና ነኝ" የሚሉ ቃላት እርስ በርስ እንደተጣበቁ ወደቁ። ብዙ ነበሩ። ለጎረቤት ያልኳቸው፣ ለርዕሰ መምህሩ ያልኳቸው፣ ለይርዳው ያልኳቸው።

"በዚህ ነው የምትተነፍሺው?" አለችኝ መኪናዬ።

"ጊዜ አላገኘሁም።"

"ጊዜ አይደለም የሚቀየረው። ፊልትሮ ነው።"

ከዚያ አንገቴ ሥር መለኪያ ሰክታ ዐየችና አንድ መብራቷን ጨፈነች።

"ጋዝሽ ወርዷል። ጋዝ ደግሞ እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት አለ። ቀዳዳውን ሳላገኝ ብሞላልሽ ነገም ባዶ ነሽ።"

"የት ነው የሚያፈሰው?"

"ግቢና ፈልጊው" አለችኝና በዳሽቦርዷ ላይ ያለችውን የአየር መውጫ ከፈተችልኝ። መውጫዋ ከመዳፌ አትሰፋም። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ብቻ ገባሁ።

ውስጡ የቀን ሠራተኛ የሞላበት ትልቅ መጋዘን ነበር። ወንዱም ሴቱም ጎብጦ ጆንያ ተሸክሟል። ጆንያዎቹ ይጨሳሉ። ግመል ወንበር ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ዘርግቶ ያዛቸዋል። አንዲት ሽበታም ሴት ጆንያዋን እያስተካከለች አጠገቤ ስታልፍ እጇን ያዝኳት።

"እማማ፣ ብርዱን የት ነው የምትሠሩት?"

ቆም አለች። የሳቀች መሰለኝ፤ ለሳቅም ጉልበት አልነበራትም።

"ብርድ? ብርድ የሚሠራ እዚህ የለም ልጄ። እኛ ሙቀት ተሸክመን ወደ ውጭ እናወጣለን። ሙቀቱ ሲወጣ የሚቀረውን ነው እናንተ ብርድ የምትሉት።"

"ታዲያ ለምን አይበርድም?"

"ሰው ጎድሎናል። በየቀዳዳው እየሾለኩ ሄዱ። ለሄዱትም የምንሸከመው እኛው ነን።"

ግመሉ አየኝ።

"ባዶ ጀርባ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?" አለና በእግሩ ጆንያ ገፋልኝ።

ተሸከምኩ። ማንም ቢሆን እንደሚታዘዘው ታዘዝኩ። ጆንያው ከበደኝ፤ ጀርባዬንም ለበለበኝ። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ተከታትለን ወደ መኪናዋ ፊት ሄድን። እዚያ ከራዲያተሩ ፊት እንደ ወንፊት ያለ ሰፊ መስኮት አለ። ነፋስ በዚያ ገብቶ ሸክማችንን ሊቀበለን ይገባ ነበር። ግን መስኮቱን ጭቃ ለጥፎታል፤ የሞተ የእሳት ራት ተጣብቆበታል። ነፋሱ ውጭ ቆሞ በጨዋነት ያንኳኳል።

"ይቅርታ፣ ሰው የለም እንዴ?" ይላል።

የሚሰማው የለም። ተሸካሚዎቹ እዚያ ይደርሱና ቆመው ጥቂት አይተው ሸክማቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ። ሽበታሟን ሴት ጠየቅኳት።

"ለምን አትጠርጉትም?"

"እጃችን ተይዟል" አለችኝ።

እኔም እጄ ተይዟል። ስለዚህ ጆንያውን በአንገቴና በግድግዳው መሃል አጣብቄ በጥፍሬ ጫርኩት። ጭቃው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ወደቀ። ትንሽ ቀዳዳ ሲከፈት ነፋሱ ዘው ብሎ ገባና ሸክሜን ከጀርባዬ ተቀበለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ ነፋሱ፤ "ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈትቼ ነው የቆምኩት።"

ትከሻዬ ቀለለኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ልቀመጥ ስል ግመሉ ሌላ ጆንያ ይዞ መጣ።

"አሁን እኮ ነው ያወረድኩት!"

"ውስጥ ሰው እስካለ ድረስ ሙቀት አያልቅም።"

"ማነው ውስጥ ያለው?"

"ወንድምሽ ነዋ" አለኝ፤ እንዴት አታውቂም በሚል ዓይነት።

ጆንያውን ጥዬ ሮጥኩ። የወጣሁት ደንገጎ ላይ ነው። ጉሙ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ገብቷል፤ ውጭው ጥርት ያለ ነው። ይርዳው መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ክንዱ ላይ ከእጥበቱ መርፌ የቀረው እብጠት የለም፤ ጉንጮቹ ሞልተዋል፤ የጅቡቲ መንገድ ዘመኑን ኮፍያ አድርጓል። ከመኪናዋ መስኮት ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞችና ነርሶች ተሰልፈዋል። በየእጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። ከፊት ያለው ሐኪም ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ተናገረ።

"ዶክተር ይርዳው፣ ዛሬ ያዩናል?"

"ምንድነው የሚሰማህ?" አለው ይርዳው።

"ሰውን ውኃ እየለካሁ መከልከል ደከመኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ።"

ይርዳው አሰብ አደረገ። "ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ማታ አንድ ጀሪካን። ቀዝቃዛ ይሁን። ቀጣይ!"

ሐኪሙ እንባ አቅርሮ እጅ ነሥቶ ሄደ። ይርዳው ደግሞ ከእግሩ ሥር የራሱን ጀሪካን አነሳ። ሙሉ ነው፤ ከቅዝቃዜው ጎኑን ላብ ይዞታል። ክዳኑን ፈትቶ ወረወረውና አፉ ላይ ደገነው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፁን ሰማሁ።

"ጋሼ! በቃህ!" ብዬ ጀሪካኑን ያዝኩት።

አልተቆጣኝም። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"የሺዬ፣ ሕልም እኮ ነው። ምን ይጎዳኛል?"

"ሕልምም ቢሆን አይሆንም። ሳንባህ ውስጥ ይገባል።"

"ስሚኝ። በእኔ ሕልም ሁልጊዜ ልጠጣ ስል ነው የምነቃው። ጠርሙሱ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ነው የሚቋረጠው። ይሄ ያንቺ ነው። በአንቺ ሕልም ልጠጣ።"

እጄን ከጀሪካኑ ላይ አነሳሁ። ጉም በሞላባት መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ ተሳፋሪዋ እኔ ነኝ። ይርዳው ጠጣ። አልቸኮለም። እሱ ሲጠጣ ጉሙ ከመስታወቱ ላይ እየለቀቀ ሄደ፤ ታች ድሬዳዋ ከነዛፎቿ ታየች። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። እግሮቹ ሲያብጡ እንዳላይ ወደ መንገዱ ብቻ አየሁ። ሐኪሞቹ ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ ይመለከቱታል። አንዷ ነርስ እንደ ሰርግ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አህያዋ ፖሊስ ከየት መጣች ሳይባል መጥታ መስታወቱን መታች።

ቆመችና ደግማ መታች።

ዐይኔን ገለጥኩ። መኪናዋን የሚመታው ይርዳው ነበር። መስኮቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ጣራውን ነበር የሚመታው። ጥላው ሸሽቶ ፀሐይዋ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች። ልብሴ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል።

"ጨረስክ?" አልኩት።

"አልጀመርኩም። የክፍሉ ኤሲ ተቃጠለ። ማሽኖቹም ግለው እየጮሁ ቆሙ። ክፍሉ እስኪበርድ ውጭ ጠብቁ ተባልን።"

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከኋላው ሌሎች ታማሚዎች ቆመዋል፤ አንዲት እናት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጥለዋል። አንዲት ነርስ በእጇ ፊቷን እያራገበች ቀረበችኝ።

"እትዬ፣ ወንድምዎ የእርስዎ ኤሲ ጥሩ ነው አሉን።"

"ነው" አልኩና ሞተር አስነሳሁ።

ይርዳው ከፊት ገባ። እናትየው፣ ልጃቸው፣ ነርሷና ፊቱን ያላየሁት አንድ ሰው ከኋላ ተጠጋግተው ተጨናነቁ። የቀሩት መስኮቱን ከበው ቆሙ። መጀመሪያ የወጣው አየር ሞቃት ነበር። ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። እናትየው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ኤሲ የሚሠራው ሰው ተጠርቷል?" አልኩ ነርሷን በመስታወት እያየሁ።

ነርሷ መልስ ሳትሰጠኝ አጠገቧ የተጣበቀው ሰው ከቱታው ውስጥ ፒንሳ የያዘ እጁን ብድግ አደረገ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ትንሽ ልቀዝቅዝና እገባለሁ።"