አትረብሿቸው ባዩ አቶ አካሉ

ታዋቂ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ «አትረብሹት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ዘፋኙንም ሆነ ተዋናዩን ከሁሉም አብልጦ የሚረብሸው ይኸው ሰው ነው። ፎቶ ፈላጊው ፎቶውን ተነስቶ ይሄዳል፤ አድናቂው ሰላም ብሎ ይሄዳል፤ «አትረብሹት» ባዩ ግን አይሄድም። በየከተማው እንዳለ አውቃለሁ። የባሕር ዳሩ ግን የእኔ ጎረቤት ስለሆነ፣ ስለ እሱ ለማውራት ከማንም የበለጠ መብት አለኝ።

ክቡር አቶ አካሉ ይባላሉ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ተቀጥረዋል፤ ይህ ግን መተዳደሪያቸው እንጂ ሥራቸው አይደለም። ሥራቸው ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣን ዝነኛ ከባሕር ዳር ሕዝብ መጠበቅ ነው። ማን እንደሾማቸው የጠየቀ የለም። «ሰው ናቸው፤ ይተንፍሱ እንጂ» ይላሉ፣ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው።

ደንብም አላቸው። ዝነኛ ሰው ስታይ አትደንግጥ። ጣትህን አትቀስር። ዘፈኑን እሱው ፊት አታንጎራጉር። ስልክህ ቢጮህ እንኳ ከኪስህ አታውጣ። ዓይንህ አልታዘዝ ካለህ ሐይቁን እይ። «እግዜር ሐይቁን የሰጠን ለምን ይመስልሃል?» ብለውኛል አንድ ቀን፣ ከልባቸው።

አንድ ማለዳ አንዲት ስመ ጥር ሯጭ ሐይቁ ዳር፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ልምምድ ስትሠራ አገኟት። ብቻዋን መሮጧ አሳሰባቸው። ስለዚህ በቆዳ ጫማና በክራቫት ፊት ፊቷ እየሮጡ መንገድ ያስለቅቁላት ጀመር። ልጅቱ ልታልፋቸው ስትል «ቆይ የኔ ልጅ፣ ከፊት ሰው አለ» ይሏታል። በመጨረሻ ደግፋ ያስቀመጠቻቸውና ውኃ ያጠጣቻቸው እሷው ናት። ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው ያወጡት የመጀመሪያ ቃል፣ ለውኃ ሻጩ «አትያት» የሚል ነበር።

ሌላ ጊዜ ከጢስ ዓባይ አብረን በሚኒባስ ስንመለስ፣ አንድ ድምፃዊ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከኋላ ወንበር ተኝቷል። አቶ አካሉ ብቻ አወቁት። ከፊት ወንበር ዞረው፣ «ከኋላ ያለው ሰው እሱ አይደለም» ብለው ለተሳፋሪው በሙሉ አስታወቁ። ሁሉም ዞረ። አንዲት እናት ማን እንዳልሆነ ጠየቁ። አቶ አካሉ ሲጠየቁ መደበቅ አይሆንላቸውምና ስሙን ተናገሩ። ድምፃዊው ባሕር ዳር የገባው የሰው ሕፃን ታቅፎ፣ ለማያውቃት ሙሽራ በስልክ መልካም ጋብቻ እየተመኘ ነው።

እንዲህ ስል ግን ትምህርታቸው መና ቀረ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባ። ሱሌማንና ሙኒራ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐይቁ ዳር አሉ፤ እሱ እንግዳ በጀልባ ያመላልሳል፣ እሷ ዓሣ ትጠብሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን ሰው ምሳውን የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። በዓመታት ስብከት የተነሣ፣ ዝነኛ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ የሙኒራ ደንበኛ ሁሉ አንገቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። ከድሮም ቢሆን ይሉኝታ የበዛብን ሰዎች ነን፤ የተከበረን ሰው ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። አቶ አካሉ ያመጡት ደንብ የተዘጋጀ ቤት ነበር የጠበቀው።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ሙኒራ ዘንድ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ መጡ። በሬዲዮም በመድረክም ወላጆቻችንን ሲያስቁ የኖሩ ኮሜዲያን ናቸው። ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በማግስቱ እሑድ ከሰዓት ከተማችን ውስጥ መድረክ ላይ እንዲወጡ ተጋብዘዋል። ብቻቸውን ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሐይቁን አየን። ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ፤ አሁንም ሐይቁን አየን። ጉሮሯቸውን አገር በሚያውቀው በዚያ አጠራረጋቸው ጠረጉ። ከእኔ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይኑን ግን ከውኃው ላይ አልነቀለም።

«አየህ?» አሉኝ አቶ አካሉ በሹክሹክታ፣ በኩራት አብጠው። «ሕዝብ ሲሠለጥን እንዲህ ነው።»

ኩራታቸው ብዙ አልቆየም። ሱሌማን ከጀልባው ወርዶ መጣና አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

«ጋሽ አካሉ፣ ጥፋት ሳንሠራ አልቀረንም» አለ።

ሽማግሌውን ጠዋት ዘጌ ወስዶ የመለሳቸው እሱ ነው። በመንገዱ ሁሉ ከተሳፋሪው አንድ ቃል የተነፈሰ የለም፤ ሱሌማንም ደንቡን አክብሮ ምላሱን ነክሶ ቆየ። ሲመለሱ ግን ሽማግሌው አዲስ አበባ ለምትኖር ልጃቸው ሲደውሉ፣ ሞተሩ ዘንድ ሆኖ ሰማቸው።

«‹ሕዝቡ ረስቶኛል፤ ነገ ወጥቼ ከማፍር ዛሬውኑ ልመለስ› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ዓሣቸውን እንደበሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው የሚሄዱት።»

አቶ አካሉ የያዙትን ቁራሽ መልሰው አስቀመጡ። ያን ያህል ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ተነሥተው መሐል ቆሙና የሚያውቁትን ብቸኛ ዘዴ ሞከሩ። «ጋሽ ወልደ ዮሐንስን ማንም እንዳይረብሻቸው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ይህች ነገር ሕዝብ ሳትሰበስብ ቀርታ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን አንድ ሰው አልዞረም። ደገሙት። ሰዎቹ ማላመጥ አቆሙ። ሙኒራም ዘይቱ እንዳይንጫጫባቸው መጥበሻውን ከእሳት አወረደች። ሽማግሌው ስማቸው ሲጠራ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ዙሪያቸውን አዩ፤ ያገኙት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ባርኔጣቸውን አደረጉና ቦርሳቸውን አነሡ።

አቶ አካሉ ወደ ሽማግሌው ሄዱ። ስንቱን ዝነኛ ሲጠብቁ የኖሩት ሰው አንዱንም ሰላም ብለው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚባልም አያውቁበትም። እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቆሙ።

«ጋሼ» አሉ። «አባቴ ቁጡ ሰው ነበር። ሲስቅ ያየሁት እርስዎ በሬዲዮ ሲመጡ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። «በየትኛው ነበር የሚስቀው?» አሉ።

ሰርግ በተጠራው አህያ ጨዋታ ነበር። አቶ አካሉ በቃል ለማስረዳት ሞከሩ፤ አልሆነም። ስለዚህ ክቡርነታቸው፣ በክራቫታቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ የሙሽራውን ካባ አሽትቶ የሚያናፋውን አህያ ሆኑ። ሽማግሌው በትዕግሥት ካዩአቸው በኋላ፣ «አይደለም ልጄ፤ አህያው መጀመሪያ ያስብበታል» ብለው ሊያሳዩአቸው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ሐይቁን ያየ የለም። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ከበባቸው። ማን የትኛውን ጨዋታ በቃሉ እንደሚያውቅ፣ የማን እናት ሬዲዮኑን ታቅፋ ትሰማቸው እንደነበር፣ ሁሉም አንድ ላይ ያወራ ጀመር። ሱሌማን መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ወዲያው ግን ሁለት ጨዋታ አዘዛቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ አዲስ አበባ ደውለው ዛሬ እንደማይመጡ ለልጃቸው ነገሯት።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ አካሉ አጠገቤ ነበሩ። ያን ያህል ዓመት ጎረቤታቸው ስሆን ሳቃቸውን ሰምቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ቀጭን፣ እንደ ልጅ ያለ ሳቅ ነው፤ ባለቤቱም ያፈሩበታል መሰለኝ፣ በእጅጌያቸው ለማፈን ይታገላሉ። መድረኩን ትቼ እሳቸውን ሳይ ቆየሁ። ይህ ሰው ባይኖር ሰፈራችን ምን ሊመስል ነው ብዬ አሰብሁና ከልቤ ወደድኋቸው። ይህንን ግን፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም። እንደ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ እሳቸውም ጎረቤቴ አይወደኝም ብለው አስበው እንዳይሆን ፈራሁ። ነገ ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ እነግራቸዋለሁ።