እህቱን ወክሎ የሚያነክሰው አጎቴ

ውክልና የሚወድ አጎት የሌለው ቤተሰብ የለም። «እኛ ዘንድ የለም» የምትሉ ካላችሁ በደንብ ፈልጉት፤ ይሄኔ የእናንተኑ ጉዳይ ይዞ አንድ መስኮት ፊት ተሰልፎ ይሆናል። የመብራት ቆጣሪ ስም ሲዛወር እሱ፣ የጠፋ መታወቂያ ሲወጣ እሱ፣ የዘመድ መኪና ሲመረመር እሱ። የኪስ ቦርሳውን ብትከፍቱት የሚስቱን ፎቶ አታገኙም፤ የእኛን ጉርድ ፎቶ ግን ከነትርፉ ታገኛላችሁ።

የእኛው ክቡር ወኪል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ወኪል መልእክተኛ አይደለም፤ ወኪል ማለት ራሱ ሰውዬው ነው» ማለት ይወዳል። ለወግ ያህል የሚናገረው ይመስለን ነበር፣ የእታለምን ቤት እንዲሸጥ እስኪወከል ድረስ።

እታለም የእሱና የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ጉልበቷን ሲያማት ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ወሰደቻት። የልጅቱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ሠርቶ አያውቅም። እታለም ተደግፋ ወጣች፤ መውረድ ግን አልሆነላትም። ደግነቱ እዚያው ሕንፃ ሥር ደረጃ የሌላት ቤት ለሽያጭ ወጣች። ባለቤቱም «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ነው» አለ። የድሮው ቤት ቶሎ ካልተሸጠ እታለም ዓለምን በመስኮት እያየች ልትቀር ነው። ለወንድሟ ውክልናውን ፈርማ ላከችለት።

ወረቀቱ በደረሰ ማግስት እታለም ቤት ደጃፍ ላይ ስጠብቀው አጎቴ እያነከሰ መጣ።

«ጋሼ፣ እግርህን ምን ሆንክ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ጉልበቷን የሚያማት እሷ ናት» አለኝና የአጥሩን ቁልፍ አወጣ።

እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ሻይ ስንጠጣ ግን ስኳሩን ገፋ አደረገው፤ እታለም ስኳር ተከልክላለች። (ማታ ቤቱ ሲገባ የሥራ ሰዓት አብቅቷልና አራት ማንኪያ እንደሚጨምር ሚስቱ ነግራኛለች።)

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ሙሽሪት ሳሎኑን አየት አድርጋ «ይሄ ግድግዳ ይፈርሳል» አለች። ክቡር ወኪላችን ደረቱን ይዞ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

«እንዲህ ያለ ነገር ፊቷ አይወራም! ደም ግፊት አለባት!»

ተጋቢዎቹ ማንን እንደሚል ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ደህና ዋሉ እንኳን ሳይሉ ወጡ።

ሁለተኛው ገዢ ረጋ ያለ መምህር ነው። ቤቱን ወደደው፤ ግድግዳም አልነካም። ችግሩ የጎረቤቲቱ የእህት ልጅ መሆኑ ነው። እታለምና ጎረቤቷ ከአሸንዳ በሚወርድ ውሃ የተነሳ ከተኳረፉ ቆይተዋል። አጎቴ ታዲያ የኩርፊያዋን ወገን ሊያናግር ነው? ፊት ለፊት ቆመው ሳለ ገዢዎቹን ባመጣው ደላላ በኩል ያወራ ጀመር።

«ለሰውዬው ንገረው፤ ጣሪያው ያፈሳል። እታለም ውሸት አትወድም።»

«ሰምቻለሁ እኮ» አለ መምህሩ።

«ሰምቻለሁ ይላል» አለ ደላላው፣ ላቡን እየጠረገ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደላላ ነኝ እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁም!»

መምህሩ «አስቡበት» ብሎ ሄደ፤ ወሩም ሊያልቅ ተቃረበ። በዚህ መሃል እታለም ደወለች።

«ማሙሽ፣» ሽበቱን ከምንም ሳትቆጥር አሁንም እንዲህ ነው የምትጠራው፣ «የት ደረስክ? እንደተሰጣ ልብስ ሰገነት ላይ ቀረሁ እኮ! ለመጣው ሰው ሽጠው!»

አጎቴ ስልኩን በመዳፉ ከድኖ ወደ እኔ ዞረ። «ቸኩላ ነው። እሷን ሆኜ ሳስበው ግን አልፈለገችም።»

ደሜ ፈላ። «እሷን ከሆንክማ አራተኛ ፎቅ ውጣና መውረድ አቅቶህ ተቀመጣ!» አልኩት።

የሚያነክስበትን ጉልበቱን ቁልቁል አየ።  «ለካ መውረዱን ረስቼዋለሁ» አለ፤ ኮቱን አንስቶ እያነከሰ ወጣ። የሄደው ጎረቤቲቱ ዘንድ ነው። እታለምን ወክሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ እታለምን ወክሎ ታረቀ። ሴትየዋ «እታለምን ሳምልኝ» ስትለው ጉንጩን ሰጣት።

ከመምህሩ ጋር ተስማምተን ውል አዋዋይዋ ቢሮ የቀረብነው የወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ላይ ነው። መምህሩ ፈረመ። ተራው የሻጭ ሆነ። አጎቴ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መፈረም ግን አቃተው። እንባው ወረቀቱ ላይ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ውል አዋዋይዋ።

«እኔ አይደለሁም የማለቅሰው፣ የኔ ልጅ። እሷ ናት። እንዲህ ሆና እያየኋት እንዴት አድርጌ ልፈርም?»

ቢሮው ሊዘጋ ነው። ወደ ኮሪደሩ ሮጬ እታለም ጋ ደወልኩ።

«ማልቀስ? እኔ?» ሳቋን ለቀቀችው። «መጋረጃ እየመረጥኩ እኮ ነው! ሰማያዊው ይሻላል ቢጫው?» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሚያለቅሰው እሱ ነው እንጂ፣ ልጄ። እናታችን ስትሞት እናትህን በእጄ ይዤ፣ እሱን አዝዬ የገባሁት እዚያ ቤት ነው። ድክ ድክ ማለት የጀመረውም እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። እባክህ፣ ሰው ፊት አታሳፍርብኝ።»

ተመለስኩ። አጎቴ በቀላ ዓይኑ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አለች?»

«እያለቀሰች ነው፣ ጋሼ። ግን ይፈርም ብላለች።»

«አላልኩህም?» አለ። አፍንጫውን ጠረገና ፈረመ።

ውል አዋዋይዋ ማኅተሙን መታች፤ ለእሱ ሶፍት አቀበለችው። ከዚያ እኔን አየችና አንድ ሌላ መዘዘች።

«አንተ ደግሞ ማንን ወክለህ ነው?»

«ማንንም» አልኳት፣ ሶፍቱን እየተቀበልኩ። «እኔ በራሴ ነው።»