ሮም ለመኖሩ ምስክር

አንባቢ ሆይ፣ ባሏ ውጭ አገር የሚኖር ጎረቤት ገጥማዎት ታውቃለች? እኔን ገጥማኛለች። ዘይነባ ትባላለች፤ እንቅልፍ ነስታኛለች። ባሏ ሮም ሊወስዳት ፈልጎ፣ እዚያ ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናት ዘንድ የቤቱን የመብራት ደረሰኝ ላከላት። የቆቦው ቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን ደረሰኙን አገላብጦ አየና፣ «ወረቀት አይምልም! ሮም ለመኖሩ ሦስት የሰፈር ሰው ይመስክር፤ አለዚያ የመሄጃ ፈቃድ የለም» አለ። ከጎረቤታችን ከሮቢት ከተማ አልፌ የማላውቀው እኔ ተጠራሁ።

«ሮም ሲኖር አይተኸዋል?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚያ አላየሁትም። እዚህ ግን ወላሂ የለም!»

ሌሎቹ ሁለት ምስክሮችም ይህንኑ ደገሙ፤ ፈቃዱ ተሰጠ። ዘይነባ በደስታ እጄን ሳመችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አረረ።

እኔ ቆቦ ለመኖሬ እስከ ዛሬ ምስክር የጠየቀ የለም።