ኦቦ ዋጋሪና የጉቴው አንጮቴ

ከጎረቤት ሁሉ የሚያስቸግረው አመስጋኙ ነው። ተሳዳቢውን በር ዘግተው ይገላገሉታል፤ ሐሜተኛውን ወሬ ነፍገው ያባርሩታል። አመስጋኙን ግን ምን ይሉታል? ደጃፍዎ ላይ ቆሞ ጎመንዎን እያመሰገነ «ሂድልኝ» ማለት ነውር ነው።

እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ንግግርም አይሆንልኝም፤ ነቀምቴ ገበያ ዳር ልብስ ስሰፋ እንኳ የሚያወራው መኪናዬ ነው። እግዜር እንዲህ ያለውን ዝምተኛ ከማን ጋር አጎራበተው ቢሉ፣ ከክቡር የጓሮው ፊታውራሪ፣ የጎመኑ ደጃዝማች፣ ከኦቦ ዋጋሪ ጋር።

ማለዳ ማለዳ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጣራሉ። «ኮቱ፣ ና ይችን እይልኝ!» እንደ አዋጅ ነው፤ ካልሄድኩ አጥሩ ይነቀነቃል። አንድ ቀን ይችን ያሉት ዕንቁላል ነበረች። ዶሮዋ ገና ጥላት መነሣቷ ነው፤ ሙቀቷ ሳይጠፋ ብለው ጉንጬ ላይ ለጠፉብኝ። ጢሜን ልላጭ ሳሙና ተቀብቼ ነበር። «ይህም አለ፣ ተመስገን» አሉና ሳሙናውን ከዕንቁላሉ ላይ ጠረጉ።

ሌላ ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር። የሣር ክዳናቸውን አፍርሰው ቆርቆሮ ያለበሱ ሰሞን ነው። የሐምሌው ዝናብ ሲወርድ፣ የቆርቆሮውን ድምፅ ካልሰማህ ብለው ጠሩኝ። በራቸው እስክደርስ ራስኩ። ለካ ቆርቆሮው ያፈስ ኖሯል፤ ጠብታው ሳህን ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እሱንም አመሰገኑ። መዝሙር ሲለማመዱ ምቱን ይጠብቅላቸዋል።

የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ከተማችን የገቡ ለት ሁላችንም መንገድ ዳር ተሰልፈን እጅ ነሣን፤ መኪናዎቹ አልፈው አቧራ ለበስን። ሰው ሁሉ ስለ ባለሥልጣኑ ካፖርት ሲያወራ ኦቦ ዋጋሪ አቧራ የጎመን ትል ይገድላል አሉ። የእንደራሴው ላንድሮቨር ትንሽ ወደ አጥራቸው ሳትጠጋ በማለፏ ብቻ አዘኑ።

ሲመሽ በርጩማ ይጠርባሉ። ለሽያጭ አይደለም፤ የሚገዛም የለም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይናወጥም የሚል ሰው የእሳቸው ላይ አልተቀመጠም። ከወደቁበት ተነሥተው ልብሳቸውን እያራገፉ፣ የእንጨቱ ሽታ ግን እንዴት ደስ ይላል ይላሉ።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። የከበደኝ ድርቤን ያየሁ ጊዜ ነው። ድርቤ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ካለው ከጉቴ፣ የኦቦ ሞረዳ ልጅ ናት። ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ልኳን ስወስድ ቃል አልወጣኝም፤ «ክንዴን እኮ ለክተኸዋል» ያለችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷ ቶሎ ቶሎ ይቀደድ ጀመር።

አባቷ ግን ፊታቸው የማይፈታ፣ ከዚያ በፊትም የመጣ ሽማግሌ ከደጅ የመለሱ ሰው ናቸው። አንድ ባለ ጭነት መኪና ደግሞ ለሚመጣው እሑድ ሽማግሌ እያዘጋጀ ነው ተባለ። ቀድሜ ካልላክሁ ድርቤ አመለጠችኝ።

ወላጆቼ ከሸዋ መጥተው እዚሁ ያለፉ ናቸው፤ የሚቆምልኝ ዘመድ የለም። የሽማግልናን ደንብ የሚያውቁትን አቶ አበጋዝን ለመንኩ። ኦቦ ዋጋሪን አልለመንኩም፤ ሰምተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። አቶ አበጋዝ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠኗቸው ሄዱ፦ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ልመናው ፈረሰ። ኦቦ ዋጋሪ ሁሉንም እሺ አሉ። በመሀል በመሀሉ የመንገዱን ጥላ ያመሰግናሉ።

እኔ በቅሎዎቹን ይዤ ከታች ዋርካው ሥር ቀረሁ። የሆነውን የነገሩኝ አቶ አበጋዝ ናቸው።

ገብተው ቆሙ። ኦቦ ሞረዳ ተቀመጡ አሉ፤ አቶ አበጋዝ ጉዳይ አለን አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር። ይሄኔ ኦቦ ዋጋሪ በርጩማውን አዩት። ጎንበስ ብለው እግሩን ዳበሱ።

«ይህን ማን ጠረበው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

«አይናወጥም?»

«ለምን ብሎ ይናወጣል?»

ኦቦ ዋጋሪ ለማረጋገጥ ተቀመጡበት። አቶ አበጋዝ እህህ ብለው ሳሉ፤ ማን ሰምቷቸው። የድርቤ እናት አዴ ዳዲ ከጓዳ ሆነው አንድ እንግዳ መቀመጡን አዩ፤ ለተቀመጠ እንግዳ ደግሞ ይቀርባል። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው አንጮቴ፣ ተቀቅሎ፣ ተደቁሶ፣ በቅቤ ርሶ መጣ። አቶ አበጋዝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ኦቦ ዋጋሪ ጎርሰዋል።

ኦቦ ሞረዳ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከቀመሳችሁማ ለእንግድነት ነው የመጣችሁት፤ በልታችሁ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ አሏቸው። የኔ ነገር እዚያ ላይ አለቀ።

ኦቦ ዋጋሪ ገና እያላመጡ ነበር። ዋጡና ወደ ጓዳው ዞሩ።

«አዴ፣ እኔ አንጮቴ ስበላ ነው ያረጀሁት። ለካ እስከ ዛሬ የበላሁት የመሬት ሥር ነው፤ አንጮቴስ ይሄ ነው። እናቴ በሕይወት ብትኖር እዚህ ድረስ አምጥቼ አቀምሳት ነበር።»

አዴ ዳዲ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«የድርቤ አባት፣ እስቲ ይንገሩኝ። እዚህ ቤት አንጮቴ ስሠራ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አውቃለሁ?»

ኦቦ ሞረዳ በርጩማቸውን ያዩ ጀመር። አዴ ዳዲ ወደ አቶ አበጋዝ ዞረው፣ የላካችሁ ያ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ የዚህ ሰውዬ ጎረቤት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አጥር ለአጥር ናቸው ተባሉ።

«እንግዲያው ልጄ እዚያ ትሂድ። ባሏ ዝም እንኳ ቢል፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያመሰግናት አታጣም።»

ባለ መኪናው እሑድ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሲመጣ በሩ ላይ የተቀበሉት ኦቦ ሞረዳ፣ በርጩማቸውን አሳይተው፣ ቃሌን እዚህ ላይ ለተቀመጠው ሽማግሌ ሰጥቻለሁ ብለው መለሷቸው አሉ።

አሁን ድርቤ ቤቴ ናት። እናቷም እንዳሉት ሆነ። ጎመን ብትቀቅል ምስጋናው በአጥሩ ላይ ይመጣል፤ እኔ በልቼ እጄን እታጠባለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና አፍሮ ይመለሳል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንጮቴ ሠራች። ጎረስኩ። አጥሩ ዝም አለ። ትንሽ ጠበቅሁለት፤ ምንም የለም።

«ይጣፍጣል» አልኩ።

ድርቤ ቀና ሳትል ወደ አጥሩ «ኦቦ ዋጋሪ፣ ይግቡ እንጂ» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ። ጭልፋዋን አስቀምጣ ደጅ ወጣችና ተጣራች። «ኦቦ ዋጋሪ፣ ይምጡ፣ ይችን ይስሙልኝ!»

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ገቡ፤ ጋቢያቸው በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል፣ በብብታቸው አዲስ በርጩማ ይዘዋል። መሀል ቤት አኖሩና ተቀመጡበት። ተናወጠ።

«እሺ ልጄ፣ እስቲ ድገመው» አሉ።

ጆሮዬ ጋለ። ደገምኩት። ሁለተኛው ቀለለኝ።